የ5,000 ዩሮዋ መኪና፦ ዳቺያ ሎጋን ርካሽ የሆነችው በምን ነበር?

ሩማንያ ውስጥ፣ ፒቴሽት አጠገብ፣ ሚዮቬኒ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። የምትታወቀው ዳቺያ በሚባለው የሩማንያ ኩባንያ የመኪና ፋብሪካ ነው። በ2004 በዚህ ፋብሪካ አንዲት መኪና ተሰናበተች፤ ሌላዋ ገባች። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ተሰናባቿ ዳቺያ 1310 ነበረች። ሥሯ ሬኖ 12 ነው። ሩማንያ ከፈረንሳዩ ሬኖ ፈቃድ ገዝታ ከ1969 ጀምሮ ሠራቻት። ፈረንሳይ ሬኖ 12ን ማምረት በ1980 አቆመች። ሩማንያ ግን መብራቷንና ፓራውልቷን እየቀያየረች 24 ዓመት ቀጠለች። በጠቅላላው ወደ 2 ሚሊዮን ገደማ ተመርታለች። በምትኳ የገባችው ሎጋን ነች።

ከሎጋን በፊት ለታዳጊ አገሮች የሚሠራ ርካሽ መኪና ማለት በአብዛኛው አሮጌ መኪና ማለት ነበር። ኢራን ፔይካን የምትባለዋን መኪና ከእንግሊዙ ሂልማን ሀንተር ወስዳ ከ1967 እስከ 2005 ሠራች። ህንድ ከሞሪስ ኦክስፎርድ የተወሰደውን አምባሳደር እስከ 2014 ድረስ አመረተች። የመጀመሪያዋ ላዳ ከፊያት 124 የተወለደች ናት። ሂሳቡ ግልጽ ነው። የማምረቻ ማሽኑ ዋጋ ከብዙ ዓመት በፊት ተከፍሏል፤ ስለዚህ መኪናዋ በርካሽ ትወጣለች። ቀሪውን ዕዳ የሚከፍለው ግን ገዢው ነው። ነዳጅ ትጠጣለች፣ ጭሷ ብዙ ነው፣ በግጭት ጊዜ የምትከላከለው ነገር የለም ማለት ይቻላል። ሎጋን ይህን ልማድ የሰበረች የመጀመሪያዋ መኪና አይደለችም። ፊያት በ1996 ብራዚል ውስጥ ፓሊዮና ሲየና በሚባሉ መኪኖቹ ሞክሮታል። ሐሳቡን እስከ መጨረሻው የገፋችው ግን ሎጋን ናት ብዬ አምናለሁ። በምን ላይ እንደቆጠበችና በምን ላይ መቆጠብ እንዳልነበረባት ማየቱ ዛሬም ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ርካሽ አዲስ መኪና እየጠፋ ያለው አሁን ነው።

ነገሩ የተጀመረው ሩሲያ ውስጥ ነው። ሉዊ ሽዋይትዘር ከ1992 እስከ 2005 ሬኖን የመራ ሰው ነው። በ1990ዎቹ ማብቂያ ላይ ወደ ሩሲያ ሄዶ ያየው ነገር ከአእምሮው አልወጣም። ላዳ በ6,000 ዶላር እንደ ጉድ ይሸጣል። የሬኖ መኪኖች በእጥፍ ዋጋ ቆመው ገዢ ይጠብቃሉ። ሽዋይትዘር ለመሐንዲሶቹ የሰጠው ትእዛዝ አጭር ነበር፦ ዘመናዊ፣ አስተማማኝ፣ 5,000 ዩሮ። ከእነዚህ ውጪ ያለው ሁሉ ለድርድር ክፍት ነው።

የመኪና ኩባንያዎች የለመዱት ሌላ መንገድ ነበር። አውሮፓ ውስጥ የሚሸጠውን ሞዴል ይወስዱና ሬዲዮውን፣ ማሞቂያውን፣ ጌጡን ያወጡለታል። የአባትን ኮት እጅጌ አሳጥሮ ለልጅ እንደ ማልበስ ነው። ያወጡለት ነገር ዋጋውን ብዙም አይቀንሰውም። ውድ ያደረገው ላሜራው፣ መገጣጠሚያው፣ የዲዛይኑ ውስብስብነት ነው፤ እሱ ደግሞ እዚያው ነው ያለው። ስለዚህ የሎጋን ቡድን ከዋጋው ተነሣ። መጀመሪያ ዋጋው ተወሰነ። ከዚያ እያንዳንዱ ብሎንና ሽቦ በዚያ ዋጋ ውስጥ መኖሩ ትክክል መሆኑን ማስረዳት ነበረበት። ሬኖ በ1999 የዳቺያን 51 በመቶ ድርሻ የገዛው ለዚሁ ሥራ ነው። የሠራተኛው ጉልበት ርካሽ የሆነበት፣ መኪና መሥራት የሚያውቅ ሕዝብ ያለበት ፋብሪካ ያስፈልገው ነበር።

አሁን መኪናዋን ጠጋ ብለን እንያት። የብዙ መኪና የፊት መስታወት ጎበጥ ያለ ነው። መልክ ያሳምራል፤ ነገር ግን ለማምረት ውድ ነው። የሎጋን ጠፍጠፍ ያለ ነው። ስፖኪዮዎቿ የግራውም የቀኙም አንድ ቅርጽ አላቸው። አንድ ቅርጽ ማውጫ ለሁለቱም ይበቃል ማለት ነው። በጎኗ ላይ የተለጠፉት የጭረት መከላከያዎችም እንዲሁ ናቸው፤ የግራው ለቀኝ ይሆናል። ዳሽቦርዷ አንድ ወጥ ፕላስቲክ ነው፤ በአንድ ጊዜ ከማሽን ይወጣል። ብዙ ቁራጭ ተገጣጥሞ የሚሠራ ዳሽቦርድ የሠራተኛ ሰዓት ይበላል። ከዓመታት በኋላ ደግሞ በኮረኮንች መንገድ ላይ መንጫጫት ይጀምራል። በዚህ በኩል ርካሹ መንገድ ጠንካራውም መንገድ ሆኖ ተገኘ።

የመስኮት መክፈቻ ቁልፎቿ በሩ ላይ አይደሉም። መሃል ላይ፣ በሾፌሩና በጎኑ በተቀመጠው ሰው መካከል ናቸው። በየበሩ ቁልፍ ማድረግ በየበሩ ተጨማሪ ሽቦ መዘርጋት ነውና። ክላክሷ ከመሪው መሃል ሳይሆን ከፍሬቻው ዘንግ ጫፍ ላይ ነው። አዲስ ሰው ሲነዳት መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው። የኋላ ወንበሯ አይታጠፍም። በርካሹ ሞዴል ፓራውልቷ ቀለም አልተቀባም። ፓራውልት መጫረሩ ስለማይቀር ይህኛው ጉዳት የሌለው ቁጠባ ነው። ሞተሮቿ ባለ 1.4 እና ባለ 1.6 ሊትር ቤንዚን ነበሩ፤ ሬኖ ለዓመታት የሠራባቸው፣ መካኒኮች በደንብ የሚያውቋቸው። በኋላ ባለ 1.5 ሊትር ናፍጣ ተጨመረላት።

ከሁሉ ትልቁ ቁጠባ ግን መኪናዋ ላይ አይታይም። ዲዛይኗ በአብዛኛው ያለቀው በኮምፒውተር ነው። አንድ ኩባንያ አዲስ መኪና ሲያወጣ በእጅ የሚሠሩ የሙከራ መኪኖችን ገንብቶ ያጋጫል፣ ይሰባብራል፣ እንደገና ይሠራል። እነዚህ የሙከራ መኪኖች እጅግ ውድ ናቸው። ይህን ደረጃ በመዝለል ብቻ 20 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ እንደዳነ ይነገራል።

በሌላ በኩል ያልተነኩ ነገሮች ነበሩ። የሎጋን ቡድን ብልህነት ጎልቶ የሚታየኝ እዚህ ላይ ነው። ርዝመቷ 4.25 ሜትር ገደማ ነው። የኋላ ወንበሯ ሦስት አዋቂ ሰው በአግባቡ ያስቀምጣል። የዕቃ መጫኛዋ 510 ሊትር ይይዛል፤ ይህ በእጥፍ ዋጋ ከሚሸጡ መኪኖች ጋር የሚወዳደር ነው። ከመሬት ከፍ ተደርጋ ተሠርታለች፤ ተሸካሚ ክፍሎቿም ለመጥፎ መንገድ ጠንክረዋል። ሴዳን የሆነችበትም ምክንያት አለው። ሬኖ በፈለጋቸው ገበያዎች አንድ መኪና ለአንድ ቤተሰብ ሁሉም ነገር ነው። በሳምንቱ ቀናት ሥራ ትሄዳለች፣ በበዓል ዘመድ ቤት ሰውና ዕቃ ጭና ትሄዳለች፣ ካልሆነም ታክሲ ትሆናለች። ከተሳፋሪው የተለየ፣ የሚቆለፍ የኋላ ኮፈን ያላት መኪና በእነዚያ አገሮች የሙሉ ሰው መኪና ተደርጋ ትታያለች። ትንሽ ሀችባክ፣ ማለትም የዕቃ ቦታዋ ከተሳፋሪው ያልተለየ መኪና፣ ሠርተው ቢሆን በዋጋ ይረክስላቸው ነበር። ገዢው ግን አይወስዳትም።

በ2004 ሎጋን ሩማንያ ውስጥ ለሽያጭ ስትቀርብ የመነሻ ዋጋዋ 5,700 ዩሮ ገደማ ሆነ። 5,000ው አልተሳካም። ያም ሆኖ በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ስፋት ያላት አዲስ መኪና በዚህ ዋጋ ማንም አልነበረውም።

ስለ ዋጋዋ ስናወራ ግን ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነገር አለ። የሚዮቬኒ ፋብሪካ መጀመሪያ ላይ ሮቦት አልነበረውም ማለት ይቻላል። ሌላ ቦታ ማሽን የሚሠራውን ብየዳ እዚያ ሰው ይሠራው ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የሰው ጉልበት ከማሽን ይረክስ ነበር። ሬኖ ፋብሪካውን ከያዘ በኋላ የሠራተኛው ቁጥር በግማሽ ገደማ ቀንሶ ነበር። የቀሩት ደግሞ ሎጋን ዓለምን ስትዞር፣ ትርፏ ሲነገር እያዩ በወር በአማካይ 300 ዩሮ ገደማ ያገኙ ነበር። በማርች 2008 ሥራ አቆሙ። አድማው ሦስት ሳምንት ገደማ ቆየ። ጥያቄያቸው ከሌሎች የሬኖ ፋብሪካ ሠራተኞች ጋር ራሳቸውን ያነጻጸረ ነበር፤ እኔም ተገቢ ነበር እላለሁ። በኤፕሪል የደመወዝ ጭማሪ አግኝተው ወደ ሥራ ተመለሱ።

መኪናዋ አልሞተችም። ይህ መጠቀስ ያለበት ነገር ነው። ደመወዝ ከጨመረ ርካሽ መኪና አይኖርም ሲባል ይሰማል። ሎጋን ግን ርካሽ የሆነችው በብዛት ከዲዛይኗ ስለነበር ጭማሪውን ተሸከመችው። ሬኖም በበኩሉ ሌላ ቦታ ማየቱን አላቆመም። በፌብሩዋሪ 2012 ሞሮኮ ውስጥ፣ ታንጀር አጠገብ፣ ትልቅ ፋብሪካ ተከፈተ። ከዚያ በፊት ሎጋን ካዛብላንካ በሚገኘው ሶማካ ፋብሪካ ከ2005 ጀምሮ ትገጣጠም ነበር። ለሚዮቬኒ ሠራተኞች የታንጀር መከፈት ምን ማለት እንደሆነ ማንም ማስረዳት አላስፈለገውም።

ሎጋን በየአገሩ የገጠማት ዕጣ የተለያየ ነው። ሞስኮ ውስጥ በድሮው የሞስክቪች ፋብሪካ ግቢ ከ2005 ጀምሮ ተሠራች። እዚያ የሬኖ አርማ ነበር የለጠፈችው። ብራዚልም እንደዚያው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የህንዱ ታታ በ2009 ናኖ የምትባል ትንሽ መኪና በ100,000 ሩፒ መነሻ ዋጋ አወጣ፤ የዓለም ርካሽ መኪና ተብላም ተወራላት። ስሟ ጎዳት። ለዓመታት ቆጥቦ የመጀመሪያ መኪናውን የሚገዛ ሰው ጎረቤት የድሃ መኪና ገዛ እንዲለው አይፈልግም። ሩሲያዊው ሎጋን ሲገዛ ግን ሬኖ ገዛሁ ይል ነበር።

ኢራን ውስጥ ቶንዳር 90 ተብላ ከ2007 ጀምሮ ተሸጠች። ከፔይካን ለመጣ ሹፌር ይህ የትውልድ ዝላይ ነበር። በ2018 አሜሪካ ከኒውክሌር ስምምነቱ ወጥታ ማዕቀቡን ስትመልስ ሬኖ ሥራውን አቆመ። ሩሲያም በሌላ መንገድ እዚያው ደረሰች። ሩሲያ ዩክሬንን ከወረረች በኋላ በሜይ 2022 ሬኖ የሞስኮ ፋብሪካውን ለከተማው አስተዳደር አስረከበ፤ በላዳ አምራቹ አቭቶቫዝ ላይ የነበረውንም ድርሻ ለቀቀ። የሞስኮው ፋብሪካ በዚያው ዓመት ሞስክቪች በሚል ስም የቻይናውን ጃክ መኪና መገጣጠም ጀመረ። ሎጋን የተፀነሰችበት ገበያ ከእጅ ወጣ።

ከሁሉ የሚያስተምረው ግን ህንድ ነው። ሬኖ እዚያ ከህንዱ መኪና አምራች ማሂንድራ ጋር ተጣምሮ በ2007 ሎጋንን አወጣ። ህንድ ከ2006 ጀምሮ ሞተራቸው አነስተኛ የሆነና ርዝመታቸው ከ4 ሜትር በታች የሆኑ መኪኖችን ዝቅ ያለ ኤክሳይዝ ታክስ ታስከፍል ነበር። ሎጋን 4.25 ሜትር ናት። ለ25 ሳንቲ ሜትር ትርፍ ርዝመት ገዢው ከፍ ያለ ታክስ ይከፍል ነበር። በየሳንቲሟ የተለፋባት መኪና ዋጋዋን በአንድ የታክስ መስመር አጣችው። ታታ በ2008 የኢንዲጎ ሴዳኑን ጭራ ቆርጦ ከ4 ሜትር በታች አደረገው። የማሩቲ ሱዙኪው ዲዛየር በ2012 ተከተለው። ሎጋን ግን የዓለም ሁሉ መኪና ነበረችና ለህንድ ብቻ ብሎ የሚቆርጣት አልነበረም። ሽያጩ ወደቀ፤ ሬኖ በ2010 ከጥምረቱ ወጣ። ማሂንድራ ለብቻው ቬሪቶ ብሎ ሰይሟት ቀጠለ፤ በ2013 ቬሪቶ ቫይብ የተባለችውን አጭር ዓይነት ሲያወጣ ጊዜው አልፎ ነበር። በእኔ እምነት ለታዳጊ ገበያ አንድ ወጥ መኪና እሠራለሁ የሚል ሁሉ መጀመሪያ ማንበብ ያለበት የእያንዳንዱን አገር የታክስ ሕግ ነው።

ማንም ያላሰበው ደግሞ ምዕራብ አውሮፓ ውስጥ ሆነ። ሎጋን ለፈረንሳይና ለጀርመን አልተሠራችም። ሰው ግን ጠየቀ፤ በራሱ መንገድ የሚያስመጣም ነበር። በ2005 ሬኖ እዚያም መሸጥ ጀመረ። ገዢዎቹ ሌላ ጊዜ ያገለገለ መኪና የሚገዙ ሰዎች ነበሩ። ዳቺያ ዋጋ ላይ አይከራከርም፤ የተጻፈው የመጨረሻ ነው። በ2009 ጀርመን አሮጌ መኪናውን ለሚያስወግድ ሰው 2,500 ዩሮ ስትሰጥ የዳቺያ ሽያጭ በአንድ ዓመት ውስጥ ተመነደገ። ከዚያ እህቷ ሳንዴሮ፣ በኋላም ዳስተር መጡ። በ2012 አካባቢ ሬኖ ከሚሸጣቸው ሦስት መኪኖች ከአንድ የሚበልጠው ከዚህ ቤተሰብ ነበር። በ2024 ሳንዴሮ በመላው አውሮፓ ከሁሉ በላይ የተሸጠች መኪና ሆነች። የታዳጊ አገር መኪና ተብላ የተጀመረች ቤተሰብ የሀብታሙን አህጉር ገበያ መራች።

ሴዳኗ ራሷ ግን ወደ ዳር ወጥታለች። በ2020 የወጣችው ሦስተኛዋ ትውልድ የምትሠራው የሬኖ ትንሽ መኪና የሆነችው የዛሬዋ ክሊዮ በምትሠራበት ፕላትፎርም (የጋራ መሠረት) ላይ ነው። ምዕራብ አውሮፓዎች ሀችባክና ከፍ ያለ መኪና ስለሚመርጡ አብዛኞቹ አገሮች ውስጥ አትሸጥም። ሩማንያና ሞሮኮ ውስጥ ግን አሁንም የቤተሰብ መኪና ናት። ካዛብላንካ ከሚርመሰመሱት ቀያይ ታክሲዎች ብዙዎቹ ሎጋን ናቸው። ዋጋዋ ግን የድሮው አይደለም። የሳንዴሮ መነሻ ዋጋ ራሱ ፈረንሳይ ውስጥ ከ10,000 ዩሮ በላይ ሆኗል። የላሜራ ዋጋ፣ የጭስ ሕግ፣ የደመወዝ ዕድገት ሁሉም ድርሻ አላቸው።

አንድ ቁጠባ ግን ከመጀመሪያውም መደረግ አልነበረበትም፤ የሰው ሕይወት በሚጠብቀው ነገር ላይ የተደረገው። የመጀመሪያዋ ሎጋን በ2005 በአውሮፓ የግጭት ሙከራ ከ5 ኮከብ 3 አገኘች። ለጊዜው መጥፎ አልነበረም። ነገር ግን ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ዘዴ) እና የተሳፋሪ ኤርባግ በርካሹ ሞዴል ላይ አልነበሩም፤ ጨምሮ ለሚከፍል ብቻ ነበሩ። ደቡብ አሜሪካ ውስጥ የባሰ ነበር። በ2010ዎቹ መጀመሪያ ያለ ኤርባግ የተሞከረችው ሳንዴሮ 1 ኮከብ ብቻ አገኘች። ጠፍጣፋ መስታወትና ያልተቀባ ፓራውልት ገዢው አይቶ የሚቀበለው ነገር ነው። ኤርባግ አለመኖሩ የሚታወቀው በግጭቱ ቀን ነው። ብራዚል ከ2014 ጀምሮ የፊት ኤርባግና ኤቢኤስ በሁሉም አዲስ መኪና ላይ ግዴታ አደረገች። ሎጋንም ሳንዴሮም ሕጉን አሟልተው መሸጣቸውን ቀጠሉ። ሁሉም አምራች አንድ ላይ ሲገደድ ማንም በዋጋ አይቀደምም።

በ2021 ሦስተኛዋ ሎጋን 2 ኮከብ ብቻ አገኘች። እዚህ ላይ ፍርድ ሲሰጥ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ለአዋቂ ተሳፋሪ ጥበቃ የተሰጣት ነጥብ 70 በመቶ ነው፤ አካሏ ደካማ አይደለም። ኮከቧን የጣለው አደጋን ቀድመው የሚከላከሉ የኤሌክትሮኒክስ ዘዴዎች እጥረት ነው። በዚያው ዓመት ቻይና ውስጥ የምትሠራው የዳቺያ ትንሿ የኤሌክትሪክ መኪና ስፕሪንግ ደግሞ 1 ኮከብ ተሰጣት። ከጁላይ 2024 ወዲህ የአውሮፓ ኅብረት በሚሸጥ በእያንዳንዱ አዲስ መኪና ላይ እንደ ራስ-ሰር ድንገተኛ ፍሬን ያሉ ዘዴዎች እንዲኖሩ አስገድዷል። ምርጫው እዚያ ከኩባንያው እጅ ወጥቷል። ካዛብላንካ ውስጥ የምትሸጠዋን ሎጋን ግን ይህ ሕግ አይመለከታትም።